ስንት ሰው ነው የሚመታው?

የዚህ ገጽ ደንበኛ የሆናችሁ እንደምታውቁት ስለ ኑሮ ውድነት ካልጻፍን ስለ ኳስ፣ ስለ ኳስ ካልጻፍን ደግሞ እርስ በርስ ስለመጣላታችን ነው የምንጽፈው። ዛሬ ስለ ጊታር ስንጽፍ "እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?" እንደምትሉ ይገባናል። ምንም አልነካንም። በዴሳ ሄደን ከረምን፣ እዚያ አንድ ምሽት ሬዲዮ ሰማን፣ ከዚያ ወዲህ ክርክራችን አላልቅ አለ። በቃ ነገሩ ይኸው ነው።

በዴሳ ስንል የሐረርጌዋን እንዳይመስላችሁ። (የሐረርጌ ልጆች አትቀየሙን፤ ስሙ ለማን እንደሚገባ ሌላ ቀን እንከራከራለን።) የእኛዋ በወላይታ ዞን የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሶዶ ወደ ቢላቴ ወንዝ አቅጣጫ ስትሄዱ የምታገኟት። አራታችንም እዚያ ነው ያደግነው። አሁን አንዳችን ሶዶ፣ አንዳችን ሐዋሳ፣ ሁለታችን አዲስ አበባ ተበታትነናል። ለጊፋታ ግን እንገናኛለን። ጊፋታን ለማታውቁ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል። ዓመቱን ሙሉ ሰው በቡድን ሲቆጥብበት የከረመ በሬ ታርዶ፣ ቁርጡና ሙቹዋው ቀርቦ፣ ዳጣው እንባ እስኪያስወጣ ተበልቶ… ወደ ጨዋታችን እንመለስ፣ ምራቃችን መጣ።

በዓሉ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ምሽት መብራት ጠፋ። ስልኮቻችን ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲቀርጹ ውለው ሞተዋል። የቀረን አንድ መሄጃ ነበር፤ አንደኛ ደረጃ ያስተማሩን መምህር ቤት። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እኛ ዛሬም "ጋሼ" ነው የምንላቸው፣ እሳቸውም ዛሬም "ደብተራችሁን ይዛችኋል?" እያሉ ያሾፉብናል። ጋሼ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ አላቸው። በኤፍ ኤም ዘመን አጭር ሞገድ የሚያዳምጡ የመጨረሻው የበዴሳ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። ሱሱ የያዛቸው በልጅነታቸው፣ የብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ይሰማ በነበረበት ዘመን ነው። ጣቢያው በ1963 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ1977 እ.ኤ.አ. ደርግ ወረሰው፤ የጋሼን ሱስ ግን ማንም አልወረሰውም። ዶይቸ ቬለን ሰምተው ሲጨርሱ መደወያውን በአንድ ጣታቸው ቀስ እያደረጉ ዓለምን ይዞራሉ። አረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ስዋሂሊ፣ ሽ…፣ ፉጨት፣ ደግሞ አረብኛ።

ያን ምሽት አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። አንዲት ሴት በእርጋታ ትናገራለች። ቋንቋው ስፓኒሽ መሆኑን ያወቅነው ለላሊጋ ምስጋና ይግባውና በኳስ ነው። (አየር ላይ "ጎ…ል!" ብሎ የማያቆም ሰው ቋንቋ።) ሴትየዋ ግን አትጮህም። ቀስ ብላ አንድ ስም ትጠራለች፣ ትንሽ ታርፋለች፣ ሌላ ስም ትጠራለች። ከዚያ ዝም። ዝምታው ሲረዝም ጣቢያው የተቋረጠ መስሎን ነበር። በኋላ ሩቅ ቦታ አንድ ሰው ሳለ። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። አዳራሽ ነው! እኛ በዴሳ በሻማ ተቀምጠን፣ የማናውቀው አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው የሆነ ነገር ሲጠብቁ አብረን እየጠበቅን ነው። ከዚያ ክር ተነካ።

ጊታር ነው። ጊታር ብቻ። ድራም የለ፣ ኪቦርድ የለ፣ ዘፋኝ የለ። እኛ ጊታር ሲባል የምናውቀው ዘፋኙ እስኪገባ ድረስ የሚያሟሙቀውን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ዘፋኙን ጠበቅን። ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። አልመጣም።

የጋሼ እናት በዚያ ሰዓት ጥግ ላይ ተጋድመው ነበር። እማማ አማርኛ አይናገሩም፤ ወላይትኛ ብቻ ነው። ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ ጋሼም በእርግጠኝነት አያውቁም። ሬዲዮው በአማርኛ ሲያወራ ከቤቱ ግድግዳ ለይተው አያዩትም፣ እንቅልፋቸውን ይቀጥላሉ። ያን ምሽት ግን ቀና አሉ። አዳመጡ። ከዚያ በወላይትኛ ጠየቁ፦

"ስንት ሰው ነው የሚመታው?"

"አንድ ሰው ነው" አሏቸው ጋሼ።

እማማ ሳቁ። ልጃቸው ያሾፈባቸው መሰላቸው። እጃቸውን አወጡና በጣታቸው ቆጠሩ። አንዱ ከታች የሚሄደው፣ አንዱ ከላይ የሚንቀጠቀጠው፣ አንዱ መሃል ላይ ለሁለቱ የሚመልስላቸው። ሦስት። "ሦስት ናቸው" ብለው ደመደሙና ተመልሰው ጋደም አሉ። ግን አልተኙም።

* * *

እውነት እንነጋገር ከተባለ ሁላችንም እንደ እማማ አላዳመጥንም። ከመሃላችን አንዱ በሁለተኛው ሙዚቃ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። (ራሱ "ተመስጬ ነበር" ይላል፤ የተመሰጠ ሰው አያንኮራፋም።) አንዷ ሦስተኛው ላይ ስለ ነገው መኪና ማውራት ጀምራ በጋሼ ዓይን ተቆጣች። ለሃያ ደቂቃ ያለ ግጥም ሙዚቃ መስማት ለእኛ ከባድ ነው፤ አልለመድነውም። ለምን እንዳልለመድነው ነው ጥያቄው።

በማግስቱ መብራት መጣ፣ ስልኮች ነፍስ ዘሩ። ሴትየዋ ከጠራቻቸው ስሞች ሁለቱን ይዘናቸው ነበር፤ "ታሬጋ" እና "አልቤኒስ"። ፈለግናቸው። ያ እማማ ሦስት ሰው ነው ያሉት ሙዚቃ የፍራንሲስኮ ታሬጋ "ሬኩዌርዶስ ዴ ላ አልሃምብራ" ነው፤ የአልሃምብራ ትዝታዎች እንደ ማለት። አልሃምብራ ግራናዳ ከተማ የሚገኝ የጥንት ሙስሊም ገዥዎች ቤተ መንግሥት ነው። ታሬጋ ከ1852 እስከ 1909 እ.ኤ.አ. የኖረ ስፔናዊ ጊታር ተጫዋች ነበር። ሥራው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች እየረገጠ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ተራ በተራ አንዲቷን ቀጭን ክር ይመቷታል፤ ከመፍጠናቸው የተነሳ ክሯ ያላቋረጠ የምትዘምር ይመስላል። ጊታር ክሩ ከተመታ በኋላ ድምፁ ወዲያው ይሞታል እንጂ እንደ ማሲንቆ አይጎተትም። ታሬጋ ያንን ጉድለት ነው በሦስት ጣት ያታለለው። እማማም ብዙ አልተሳሳቱም፤ አንድ ሰው ሆኖ የብዙ ሰው ሥራ ነው የሚሠራው።

ይህን እያነበብን ሳለ ነው ጉዱ የመጣው። ይኸው ታሬጋ በ1902 እ.ኤ.አ. "ግራን ቫልስ" የሚባል የጊታር ሥራ ነበረው። ከፈትነው። ጥቂት ሰከንድ እንደሄደ አራታችንም በአንድ ጊዜ ጮህን። የኖኪያ ጥሪ! ያቺው! ኖኪያ ከዚያ ሙዚቃ መሃል አጭር ቁራጭ ወስዶ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስልኮቹ ላይ ሲያስጮኻት ኖረ። በአገራችን ሞባይል ማለት ኖኪያ በነበረበት ጊዜ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ክፍል ውስጥ፣ ስብከት መሃል ስትጮህ የነበረችው እሷ ናት። ሮጠን ጋሼ ቤት ሄደን አሰማናቸው። ትንሽ ቆዩና "ይቺን ስንት ዓመት ኪሴ ውስጥ ይዣት ዞርኩ!" አሉ።

እስኪ አስቡት። በዴሳ ታሬጋን ሳትሰማ የኖረች ከተማ አይደለችም። ምናልባት ከስፔን መንደሮች እኩል ሰምታዋለች። ያልሰማችው ስሙን ነው። ሙዚቃው ደርሷል፣ ሰውየው መንገድ ላይ ቀርቷል።

* * *

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጥል የጀመረው፤ ምክንያቱም ከመሃላችን አንዱ ጊታር ይመታል።

በወላይታ ጊታር ማለት በአብዛኛው የመዘምራን መሣሪያ ነው። የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን ሶዶ የገቡት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጊታሩ ግን የመጣው ብዙ ቆይቶ ከመዘምራን ቡድኖች ጋር ነው። ወንድማችንም ልክ እንደ ብዙዎቹ አንድ ክር የጎደላት ጊታር ላይ ሦስት ኮርድ ተማረ፣ ከዚያ አራተኛ፣ ከዚያ ማንም ሳያስተምረው ጣቶቹን ለያይቶ መምታት። ጎበዝ ሆነ። ሠርግ ላይ ይጠሩታል፣ ስቱዲዮ ይጠሩታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አልበም ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጊታሩን የመታው እሱ ነው። ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ስም፣ የግጥሙ ደራሲ ስም፣ የዜማው፣ የፎቶ አንሺው፣ ሌላው ቀርቶ የሽፋን ዲዛይነሩ ስም አለ። እሱ የለም። "ልዩ ምስጋና" የሚለው ውስጥ እንኳን የለም፤ እዚያ ያለው የመኪናው ባለቤት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንለፈው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲሄድ ከአንድ ሱቅ ሬዲዮ ስለ ማዳበሪያ የሚያወራ ማስታወቂያ ይሰማል፤ ከጀርባው ደግሞ ቀስ ያለች ጊታር አለች። ቆሞ አዳመጠ። የራሱ እጅ ናት። ስቱዲዮ ውስጥ መሣሪያ ሲሞክር የመታት ነበረች። ማን እንደቀዳት፣ ማን እንደሸጣት፣ ማን ለማን እንደሰጣት አያውቅም። (ጣቢያውንም ስቱዲዮውንም አንጠራም። አንዱን ብንጠራ ሌሎቹ የነጹ ይመስላሉ።) ታሪኩን ሲነግረን እየሳቀ ነበር። እኛም ሳቅን። ያን ምሽት ግን ሴትየዋ ሙዚቃው ሲያልቅ፣ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቃ፣ የሥራውንም የተጫዋቹንም ስም እንደገና ስትጠራ አልሳቀም። "ሁለቴ ጠራችው" አለ። "ከመጀመሩ በፊትም፣ ካለቀ በኋላም።" ሌላ ምንም አልተናገረም። እንቅልፍ የወሰደው እሱ አልነበረም ማለት ነው፤ ለማንኛውም።

እንግዲህ የእኛ ነገር እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ሬዲዮ ያለ ቃል የሚሄድ ሙዚቃ አለ፣ ሞልቷል። ግን ሁልጊዜ የሌላ ነገር አገልጋይ ነው። ዜና ሊገባ ሠላሳ ሰከንድ ሲቀር ዋሽንት ትገባለች፤ ዜናው ሲደርስ መሃል አንገቷን ትቆረጣለች። ትረካ ሲነበብ ከጀርባ ፒያኖ አለ። እንግዳው ስቱዲዮ ሳይደርስ ሲቀር ክራር አለ። ትልቅ ሰው ሲሞት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማሲንቆና ዋሽንት ይለቀቃል፤ በዚህም የተነሳ ከጠዋቱ ያለ ዘፋኝ ሙዚቃ የሰማ ሰው "ማን ሞተ?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። ማን መታው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማንም አልነገረውማ!

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ውሰዱ። ብዙዎቻችን ፒያኗቸውን ከስማቸው በፊት ነው ያወቅነው፤ ከአንድ ሰው ድምፅ ጀርባ፣ ዝቅ ተደርጎ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ነው የታተመው። በ2006 እ.ኤ.አ. "ኢትዮፒክስ" በሚባለው ተከታታይ 21ኛው ሲዲ ሙሉ በሙሉ ለእሳቸው ተሰጠ። በ2017 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ሬዲዮ 4 ስለ እሳቸው ራሱን የቻለ ዝግጅት ሠራ። መጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ እኛ አገር ስንቱ ሰው ነው "ለካስ ያ ፒያኖ የእሳቸው ነው!" ያለው? እኛ አራታችንም ብለናል። አናፍርም፤ ወይም እናፍራለን፣ ግን ብለናል።

ወይ ደግሞ የአባቶቻችንን ካሴቶች አስቡ። በሰማንያዎቹ እ.ኤ.አ. ሮሃ ባንድ ያላጀበው ዘፋኝ መቁጠር ይቀላል። በእነዚያ ካሴቶች ላይ ሰላም ስዩም ጊታሩን፣ ጆቫኒ ሪኮ ቤዙን ሲመቱ ስንት ሠርግ ተጨፍሯል። ዘፋኙን አባቶቻችን በመጀመሪያው ትንፋሽ ይለዩታል። ጊታሩንም ይለዩታል እኮ! በአፋቸው ያዜሙታል፣ በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ ይመቱታል። ስሙን ጠይቋቸው።

* * *

የተቃውሞ ሐሳብ አልጠፋም። ሐዋሳ ያለችው ጓደኛችን (የመኪናዋ ነገር ያሳሰባት) እንዲህ ትላለች፦ "የእኛ ሰው ቃል ነው የሚወደው። ዘፈኑ ጥሩ ነው ስንል ግጥሙ ጥሩ ነው ማለታችን ነው። ሰሙን ከወርቁ ስንለይ ያደግን ሰዎች ነን፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ ጨው የሌለው ወጥ ነው።" እውነት አላት። ቤተ ክህነቱም ቅኔ ነው፣ አዝማሪውም ቅኔ ነው። በገናን በሁዳዴ ጾም ሬዲዮ ላይ ሰምተን ዝም የምንለው ስለ ክሩ ነው ብለን ልንከራከራት ሞከርንና ወዲያው ያዘችን፤ በገናም ቃል አለው። ዓለሙ አጋ አሥሩን የበግ አንጀት ክሮች ሲደረድሩ የምንጠብቀው የሚናገሩትን ነው።

ግን አንድ ነገር ረሳች፤ ያን ምሽት ክፍሉ ውስጥ የነበረችውን ትልቋን ሰው። ቃል የሚወደው "የእኛ ሰው" የማን ቋንቋ ተናጋሪ ነው? እማማ ለስንት ዓመታት ከዚያ ሬዲዮ ጋር አንድ ቤት ኖረዋል፤ ከሚናገረው አብዛኛው ለእሳቸው ጩኸት ነው። ልጃቸው ሲመቸው ይተረጉምላቸዋል፣ ሳይመቸው "ምንም አይደለም፣ ዜና ነው" ይላቸዋል። ያን ምሽት ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። እንዲያውም ከሁላችንም ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው። እኛ ዘፋኝ ስንጠብቅ እሳቸው ድምፆቹን ይቆጥሩ ነበር። ለምን እንደሆነም እንጠረጥራለን። በደቡብ ሰው ሲያዜም ብቻውን አያዜምም። ከአርባ ምንጭ በላይ ያሉት ዶርዜዎች ሲዘፍኑ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ከላይ ይገባል፣ ሦስተኛው ከታች ይይዛል፣ ሁሉም የየራሱን እየሄደ አንድ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ጆሮ የታሬጋ ጊታር የፈረንጅ ነገር አይደለም። ሦስት ሰው ነው፣ በቃ።

ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ይሄኛው ይከብዳል። የኤፍ ኤም ጣቢያ የአየር ሰዓት ይሸጣል፣ የገዛው አዘጋጅ ስፖንሰር ይፈልጋል፣ ስፖንሰሩ ደግሞ ሕዝብ የተሰበሰበበትን ይፈልጋል፤ ሕዝቡ ያለው ኳስ ጋ ነው። አንድ ሙሉ ሰዓት የአርሰናል ተቀያሪ ወንበር ላይ ማን መቀመጥ እንዳለበት ሲተነተን ሰምተናል። (ተሳትፈናልም። ደውለናል። አንዳችን ሸልመውታል፣ ቲሸርት።) በዚያ ሰዓት ውስጥ ግማሹን ለክራር ስጡ ብንል የሚስቅብን እንጂ የሚሰማን የለም።

ስለዚህ ትንሽ ነው የምንጠይቀው። በሳምንት ሠላሳ ደቂቃ፣ ኳስ በሌለበት ምሽት። ሶዶ ላይ ኤፍ ኤም አለ፣ ሐዋሳ ላይ አለ፣ አዲስ አበባማ ከሚያስፈልጋት በላይ አላት። አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ሰው ከመሣሪያው ጋር። ታሬጋን አምጡ አላልንም፤ ክራር መቺ አለ፣ ዋሽንት ነፊ አለ። አገር ውስጥ የተማረውንም ከፈለጋችሁ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ልጆች ይመረቃሉ፤ ከዚያው ተነስቶ ሶፍያ፣ ቡልጋሪያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋ ፒያኖ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የአገራችንን ዜማ ሲጫወት ውጭ አገር አዳራሽ ይሞላል። አቅራቢው ከመጀመሩ በፊት ስሙን ይናገር፤ ክሩ በምን ቅኝት እንደተቃኘ፣ ባቲ ይሁን አምባሰል፣ ይንገረን። ከዚያ ዝም ይበል። ዋናው እሱ ነው፤ ዝም ይበል! "ዋው፣ አቦ እንዴት ደስ ይላል!" ብሎ መሃል አይግባ። ሲያልቅ ስሙን እንደገና ይጥራ።

"ጊታር የመጠጥ ቤት ነው፣ ክራር የአዝማሪ ነው" ለምትሉ ደግሞ፣ ስፔን ውስጥም ይኸው ነበር የሚባለው። አንድሬስ ሴጎቪያ (1893–1987 እ.ኤ.አ.) ጊታርን ይዞ ትልልቅ አዳራሽ ልግባ ሲል መሣሪያው የመጠጥ ቤትና የመንገድ ነው ብለው የናቁት ነበሩ። ገባ። ሬዲዮና ሸክላ ደግሞ አዳራሽ ያልደረሰው ሰው ጋ አደረሱት። ሌላም ዝምድና አለን። በእሱ ወጣትነት የጊታር ቀጫጭን ክሮች የሚሠሩት እንደ በገናችን ከእንስሳ አንጀት ነበር፤ ወደ ናይለን የተዞረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የክራሩም የጊታሩም ክር ዛሬ ናይለን ሆኖ ተገናኝተዋል። ሰፈራቸው ነው የተለያየው።

* * *

ክርክራችን አላለቀም ብለናል። ጊታር መቺው ወንድማችን "ስሜን ጥሩልኝ" ብሎ አያውቅም፤ የጠየቅነው እኛ ነን። እሱ የሚለው ሌላ ነው። "መጀመሪያ ይክፈሉኝ" ይላል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ ከዋኙንም ባለመብት እንደሚያደርግ አንብቦ ያውቃል፤ ወረቀቱን አትሞ ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይዞራል። "ስም ብቻ ከሆነ ታሬጋም ስም ነበረው፤ ኖኪያ ምን አደረገለት?" ሲለን መልስ አጣን። የሐዋሳዋ ደግሞ ገና "ግጥም ይግባበት" ላይ ናት። ያንኮራፋው ደግሞ ሠላሳ ደቂቃ ይበዛል፣ አሥራ አምስት ይሁን ይላል።

ከበዴሳ ልንወጣ ስንል ጋሼን ልንሰናበት ገባን። እማማ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። "ሳሮ!" ስንላቸው ለአንዳችን ብቻ እጃቸውን ዘረጉ፤ ለጊታር መቺው። ጣቶቹን ገለባበጡ፣ ጥፍሩን ነካ ነካ አደረጉ፣ ከዚያ ለልጃቸው የሆነ ነገር አሏቸው። ጋሼ አልተረጎሙትም፤ መተርጎምም አላስፈለገም።

ጋሼ የሰሙትን ጣቢያ ሁሉ የሚመዘግቡበት ባለ መስመር ደብተር አላቸው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ሜትር ባንድ፣ ቋንቋ፣ ምን ተባለ። የዚያን ምሽት ገጽ አሳዩን። በዚያ ቆንጆ የመምህር ጽሕፈታቸው "ስፓኒሽ። ጊታር፣ አንድ ሰው (እናቴ፦ ሦስት)" ይላል። ከሥሩ "ታሬጋ፣ አልቤኒስ"። ከዚያ በታች "ተጫዋች" ብለው ሁለት ነጥብ አድርገዋል፣ ቀጥሎ ያለው መስመር ባዶ ነው። ሴትየዋ ሁለት ጊዜ ጠርታዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሽ… የሚለው ድምፅ በላው። ኢንተርኔት ላይ በቀንና በሰዓት ፈልገን እናገኘዋለን አልናቸው። እስካሁን አላገኘንም። "ግዴለም፣ ቦታውን ትቼለታለሁ" ብለው ደብተሩን ዘጉ።